ያልታመመን ዓይን ስለ መቅደድ

ሞራ ዓይኑን የጋረደው ሽማግሌ ቀዶ ሕክምናን ቢፈራም፣ ባይታከም የሚጠብቀው ጨለማ ስለሆነ ፍርሃቱን ውጦ ይተኛል። በመነጽር አጥርቶ የሚያይ ሰው በሌዘር ልታከም ብሎ ሲነሣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እርሱ የሚሸሸው ጨለማን ሳይሆን አፍንጫው ላይ የተቀመጠውን መስተዋት ነው። ጥያቄው ከሐኪም ቤት አልፎ ወደ ሥነ ምግባር የሚሻገረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ምቾትን ለመግዛት ጤናን ማስያዝ ይገባልን?

አባቶቻችን «ልትኳል ስትል ዓይኗን አጠፋች» ሲሉ ፍርዱን አስቀድመው የሰጡ ይመስላል። ተረቱ ግን ለዚህ ጉዳይ ይፈጥናል። ጭስ ውስጥ ገብቶ ሰው የሚያወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መነጽሩን የሚጠላው ለመኳል ብሎ አይደለም። ኮንታክት ሌንስም ቢሆን ከነገሩ ንጹሕ አይደለም፤ አውስትራሊያ ውስጥ ተጠንቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር፣ ለስላሳውን ሌንስ ቀን ቀን ብቻ ከሚያደርጉ 10,000 ሰዎች መካከል በዓመት 2 ያህሉን፣ አድርገውት ከሚያድሩት ደግሞ 20 ያህሉን የኮርኒያ ልክፈት እንደሚያገኛቸው አሳይቷል። ልክፈቱ ጠባሳ ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ዓይንን ሳይነካ የሚያገለግለው መነጽር ብቻ ነው።

ላሲክ በሚባለው ሕክምና ሐኪሙ የኮርኒያውን ላይኛ ገጽ እንደ ስስ ክዳን ቀድዶ ይገልጠዋል፤ ከሥሩ ያለውን በሌዘር ይልገዋል፤ ክዳኑንም መልሶ ያለብሰዋል። የኮርኒያው መካከል ውፍረት ከግማሽ ሚሊሜትር እምብዛም የማይዘልቅ ነው። ክዳኑ ሲቀደድ ነርቮችም አብረው ይቆረጣሉ፤ የዓይን ድርቀት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። መነጽር አልስማማ ቢል ይወልቃል፤ የተላገ ኮርኒያ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተሳተፈበትና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ሁለት ነገር ይነግረናል። ከታከሙት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእይታቸው ረክተዋል። በሌላ በኩል፣ ከሕክምናው በፊት ምንም ችግር ካልነበረባቸው መካከል ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በ3ኛው ወር አንድ አዲስ ነገር ማየት ጀምረው ነበር፤ በመብራት ዙሪያ ቀለበት፣ የሚያጭበረብር ብርሃን፣ ወይም ድርብ ምስል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የብዙዎቹ ችግር ቀላል ስለነበረ ከእርካታቸው ጋር አልተጣላም። ማስታወቂያው ግን የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው! ሕክምናው ሲፈቀድ በዚሁ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ሞሪስ ዋክስለር በ2011 እ.ኤ.አ. ፈቃዱ እንዲነሣ አቤቱታ አቅርበዋል፤ ሕክምናው ግን ዛሬም ይሰጣል።

ታካሚው ፈቅዶ ፈርሟል ይባላል። መፈረም ግን ማወቅ ነውን? ሌሊት መኪና ሲነዳ እያንዳንዱ መብራት እንደ ጸሐይ ተበትኖ የሚታየውን ሰው ኑሮ፣ ያልደረሰበት ሰው ከወረቀት አንብቦ አይረዳውም፤ ወረቀቱ በሁለተኛ ቋንቋው የተጻፈለት ስደተኛ ወገናችን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይረዳዋል። ስለዚህ የሐኪሙ ዕዳ ከፊርማው በኋላም አያልቅም እላለሁ። ያልታመመን ሲቀድድ፣ ከታመመው ይልቅ አብዝቶ ሊያስጠነቅቅ፣ ዓይኑ የማይስማማውንም ገንዘቡን ትቶ ሊመልስ ይገባዋል።

መነጽርን የመጥላቱ ምንጭም መመርመር አለበት። በፈረንጅ ልጆች አፍ «አራት ዓይን» ስድብ ነው፤ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ግን «አራት ዓይና» አራቱን ጉባኤ የጨረሰ መምህር ማዕረግ ነው። እንግዲህ እዚህ ያደገ ልጃችን መስተዋቱን ሲያፍርበት፣ ያፈረው በማን ዓይን ተመልክቶ ነው?

ከእሳት አደጋ ሠራተኛው ጋር ክርክር የለኝም፤ አደጋውን መዝኖ ቢገባበት ምክንያቱ በእጁ ነው። ለሠርግ ፎቶግራፍ ብሎ ለሚቸኩለው የ42 ዓመት ጎልማሳ ግን አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል፤ ሌዘሩ ሩቁን ቢያጠራለትም ዕድሜ የሚያመጣውን የቅርብ እይታ ድካም አያስቀርለትም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጋዜጣ ለማንበብ መነጽር መግዛቱ አይቀርም።