ውስጥ እግር

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ዱቦ ነበርኩ። የበልግ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ቀዩን አፈር አሟልጮታል። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ የሚማረው የእህቴ ልጅ አብሮኝ አለ። ከቅድስት ማርያም ሆስፒታል ብዙም ሳንርቅ መንገድ ዳር ቆመን ወደ አረካ የሚሄደውን ሰው እናያለን።

አንዲት ሴት ጎደሬ የሞላ ጆንያ አዝላ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ መጣች። ተረከዟ ድንገት ሸተት አለ። አልወደቀችም፤ ከባልንጀራዋ ጋር የያዘችውን ወሬም አላቋረጠችም። እየሳቀች አለፈች።

«አዩ ጋሼ?» አለኝ ልጁ።

እኔ ያየሁት ለመውደቅ ጥቂት የቀራትን ሴት ነው። እሱ ያየው ሌላ ነው። ተረከዟ ሲንሸራተት ከውስጥ እግሯ ቆዳና ከባቷ ጡንቻ መልእክት በነርቭ ወደ ኅብለ ሰረሰሯ ወጥቷል፤ መልሱም «ልወድቅ ነው» የሚለው ሐሳብ ሳይመጣ ቁርጭምጭሚቷ ዘንድ ደርሷል። እሷ ሳታውቅ እግሯ አወቀ። ልጁ ይህን የሚማርበት ኮርስ ኪንሲዮሎጂ ይባላል፤ የእንቅስቃሴ ሳይንስ ነው። እኔ ግን የተሰማኝ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማ ሲያወልቁ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው።

በአንድ እግር 26 አጥንት አለ፤ በሁለቱ 52፣ ከአዋቂ ሰው አጥንት ሁሉ ሩብ ያህሉ። ፈጣሪ ከግምጃ ቤቱ ሩቡን አውጥቶ አፈር ለሚረግጠው ሰጠ። አጥንቶቹም ዝም ብለው አልተነጠፉም። መሃሉ ላይ እንደ ድልድይ ቅስት ሠርተው ተነስተዋል፤ ከሥር ጅማት ወጥሮ ይዟቸዋል። ስንረግጥ ቅስቱ ዝቅ ይላል፣ ጅማቱ ይለጠጣል፤ እግር ሲነሳ የተለጠጠው ተመልሶ ወደፊት ይገፋናል። በ1987 እ.ኤ.አ. የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት፣ በሩጫ እርምጃ ሁሉ ሰውነት ከሚያጣውና መልሶ ከሚያገኘው ኃይል 17 በመቶ ያህሉን ቅስቱ፣ 35 በመቶ ያህሉን ደግሞ የተረከዝ ጅማት ይዘው ይመልሳሉ። መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ እንዳይነቃነቅ ይጨነቃል፤ ይህኛው እየተነቃነቀ ነው የሚሸከመን።

የሻከረ ውስጥ እግር የደነዘዘ ይመስለናል። አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኬንያና አሜሪካ ውስጥ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱና ጫማ የለመዱ ሰዎች ተነጻጽረው፣ ቆዳው ቢወፍርም መሬቱን የመለየት ስሜቱ እንደማይቀንስ ታየ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ባዶ እግሩን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሲሮጥ የዚያን ከተማ ድንጋይ አንድ በአንድ እያነበበ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የስፖርት ሥነ ልቦናው ነው። የተካነ ሰው ልቡን ወደ እግሩ ከመለሰ፣ «አሁን እንዴት አድርጌ ልርገጥ?» ካለ፣ የለመደው ነገር ይበላሽበታል። በ2010 ዓ.ም የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት፣ ኳሷ ፊት የቆመ ተጫዋች ስለ ቁርጭምጭሚቱ ቢያስብ ኖሮ ጉድ ነበር። የሴትየዋም ወሬና ሳቅ ግዴለሽነት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ እግሯን ለሥራው ትታለት ነበር።

ልጁ ሲመረቅ ወጌሻ መሆን ይፈልጋል። ሜዳ ውስጥ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠው ባለሙያ ስሙን የወሰደው ከአገር ቤቱ አጥንት ጠጋኝ ነው፤ ከውጭ ቃል ሳንዋስ መቅረታችን ደስ ይለኛል።

ዱቦ ቆሞ እግርን እያደነቁ ዝሆኔን መዝለል ግን ነውር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ይኸው ቀይ አፈር፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ከዓይን የራቁ ቅንጣቶቹን በባዶ እግር ቆዳ ያስገባል፤ በዓመታት ውስጥ የሊምፍ ቧንቧዎች ይታመማሉ፣ እግሩም ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። ትልም አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. በወላይታ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት አንዳንዱ ሰው በዘሩ ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆነ አሳየ። ጫማና በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ይከላከሉታል። ይህ እየታወቀ ስንቱ ከሠርግና ከለቅሶ ተገልሎ ኖሯል! እንዲህ ተጠንቅቆ የተሠራ እግር በገዛ አገሩ አፈር የሚጎዳበትን ምክንያት እኔ አልደረስኩበትም። ልጁንም ብጠይቀው ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ ለሕፅበተ እግር ቤተ ክርስቲያን ገባን። አሥራ ሁለት ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ካህኑ ተንበርክከው ያጥባሉ፤ የሳህኑ ውኃ ቀልቷል። መጨረሻ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ እግራቸው አብጧል፤ ወደ ኋላ ሊስቡት ሞከሩ። ካህኑ ተረከዙን በመዳፋቸው ደገፍ አድርገው ያዙና ቀስ ብለው በጣቶቹ መካከል፣ በቆዳው እጥፋት ሳይቀር አጠቡት፤ በፎጣ አደረቁት፤ ሳሙት።

ልጁ አንገቱን አስግጎ ሲመለከት ቆየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እጃቸው የወጌሻ ነው።»