መንገድ የማን ገንዘብ ነው?

መንገድ የብዙ ሰው ገንዘብ ነው፤ የብዙ ሰው የሆነ ነገር ግን ጠባቂው ጥቂት ነው። ሰው የጎረቤቱን አጥር አንድ ክንድ ቢገፋ በዳኛ ፊት ይከሰሳል፤ የመንገዱን ዳር አንድ ክንድ ቢይዝ ግን ከሳሽ አይገኝበትም። ስለዚህ የሁሉ የሆነውን ጥቂት በጥቂት የሚወስድ ሰው በደለኛ ይባላልን ወይስ አይባልም? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በአዲስ አበባ በመርካቶ የሚያልፍ ሰው የነገሩን ምሳሌ በዓይኑ ያያል። ባለጉሊቷ ሽንኩርቷን በእግረኛው መንገድ ላይ ትዘረጋለች፤ እግረኛው መራመጃ ሲያጣ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል፤ ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ከመካከል ይቆማል፤ የጭነት መኪናው በሱቁ ደጅ ጆንያ ያራግፋል። ሁሉም «ለጥቂት ጊዜ ነው» ይላሉ፤ እውነትም ለእያንዳንዱ ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ መኪና በመቆሙ ከኋላው ያሉት 60 ሰዎች አንድ አንድ ደቂቃ ቢዘገዩ፥ ከሰው ዕድሜ አንድ ሙሉ ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ በደልም ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ቀላል ይመስላል፤ ቢቀልም ግን አልጠፋም።

እንዲህ ያለው ነገር በአዲስ አበባ ብቻ የሚታይ አይደለም። የኢንዶኔዥያ መሐንዲሶች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓመት ባወጡት የመንገድ መመሪያ መጽሐፍ ይህንኑ በቁጥር መዝነውታል። በ200 ሜትር መንገድ ግራና ቀኝ በአንድ ሰዓት የሚሆነውን እየቆጠሩ፥ ለሚቆም መኪና 1፥ ወደ ዳር ለሚገባና ከዳር ለሚወጣ መኪና 0.7፥ ለእግረኛ 0.5፥ እንደ ጋሪ በዝግታ ለሚሄደው 0.4 ሰጡ። ድምሩ እጅግ የበዛ እንደሆነ፥ ጠባብ መንገድ ሊያሳልፍ ከሚችለው ሩቡን ያህል ያጣል። በዚህ ሚዛን የአንድ የቆመ መኪና ክብደት የሁለት እግረኞች ያህል ነው።

ዳሩ ግን መንገድ ጠበበ በተባለ ጊዜ አስቀድማ የምትባረረው ባለጉሊቷ ናት። እርሷም ዛሬ ብትባረር ነገ ትመለሳለች፤ ወደዚያ ያመጣት ራብ አልተባረረምና። ይህም ሲባል ድህነት የጋራውን ነገር የግል ያደርገዋል ማለት አይደለም፤ በእርሷ ዕቃ ምክንያት ወደ መኪና መንገድ የወረደ ሕፃን ቢገጭ፥ የሕፃኑ እናትም ድኻ ልትሆን ትችላለችና።

ስለዚህ ቅን ፍርድ ሁለት ነገር ይሻል። አስቀድሞ፥ ሌላ ስፍራ ሳለው ለምቾቱ ብሎ መንገድ የሚዘጋውን ሰው መከልከል ነው፤ ቀጥሎም፥ ሌላ ስፍራ ለሌላት ሴት ገዢ ከሚያልፍበት ሳይርቅ ስፍራ ማዘጋጀት፥ ለሚኒባሱም መቆሚያ መስጠት ነው። ስፍራ ሳይሰጡ ማባረር መንገዱን ለአንድ ቀን ያጠራዋል፤ ስፍራ ሰጥቶ መከልከል ግን የሚጸና ሕግ ይሆናል። መንገድ የሁሉ ገንዘብ ነው መባሉም እውነት የሚሆነው፥ ሰው ለራሱ ጥቂት ብሎ የያዘው ለሌላው ስንት እንደሆነ ያሰበ እንደሆነ ነው።