«ገባችሁ?»

ደብረ ታቦር 9ኛ ክፍል ሳለን፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ፣ ሰሌዳው ላይ 15 አዳዲስ ቃላት ተጽፈው ነበር። መምህራችን አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ እኛም በአንድ ድምፅ እንከተላለን። ከቃላቱ አንዱ «ኦነስት» ነው። አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ እንዲያነብ ቢታዘዝ፣ የተጻፈውን ፊደል አምኖ «ሆነስት» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አፉን አልከፈተም። መምህሩም ትርጉሙን በእንግሊዝኛ አስረድተው «ገባችሁ?» ሲሉን፣ ሁላችንም «የስ!» አልን።

ሰሞኑን፣ ከዚያ ክፍል የመጣን ጥቂቶች ዶርም ውስጥ ይህን አንሥተን ስንስቅ፣ አንዱ «ለመሆኑ ቃሉ ገብቶን ነበር?» አለ። አልገባንም ነበር። ዛሬም ተከራከርንበት፦ «ታማኝ ነው»፣ «የለም፣ ሐቀኛ ነው»። ልዩነቱ ምንድን ነው? ታማኝ ለወዳጁ ሲል ሊዋሽ ይችላል፤ ሐቀኛ ግን ወዳጁ ቢቀየመውም የሆነውን ይናገራል። እዚህ ላይ ስንደርስ እርስ በርስ ተያየን። ታዲያ ያ «የስ!» ከሁለቱ የትኛው ነበር?

በበኩላችን ነገሩን ተራ ውሸት ብለን ልንዘጋው አንችልም። ይሉኝታ አለበት። «አልገባኝም» ማለት መምህሩን «አላስረዱም» ማለት ይመስለናል። ከጓደኛ ተለይቶ መቆምም ይከብዳል። አብረን «የስ!» ስንል አንዳችን ሌላችንን እንሸፍናለን። ይህ ታማኝነት ነው እንበል። የሚጎዳውስ ማን ነው?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል። በክልላችን በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ፣ 9ኛ ሲገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ስለዚህ ያመለጠ ቃል ሌላም ትምህርት ይዞ ይሄዳል። መዝገበ ቃላት ወይም የተማረ ታላቅ ወንድም ያለው ማታ ያካክሰዋል። ከእስቴ ወይም ከጋይንት ገጠር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ግን ያለችው ያችው ክፍለ ጊዜ ናት። «የስ!» ስንል ድምፃችን እኩል ነው፤ ኪሳራችን ግን እኩል አይደለም።

አብሮ ቃል ማጥናት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የግዕዙን ግስ «ቀተለ፣ ገደለ፤ ቀደሰ፣ አመሰገነ» እያለ ከነትርጉሙ ያጠናል። ቀደም ያለው አዲሱን ያስጠናል። ቅኔውንም ቆጥሮ መምህሩ ፊት ሲያቀርብ ስሕተቱ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይታረማል። እዚያም መሳሳቅ አይጠፋም ይሆናል፤ ነገር ግን ሳይታረም ቅኔ ያወቀ የለም።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ተናጋሪውን ብቻ መውቀስ ምን ይረባል? ከ«የስ!» በፊት ሳቁ ነበረ። የሳቅነው እኛ፣ ሳቁን ፈርተን የዋሸነውም እኛው።

ያ ልጅ አብሮን እዚህ አልደረሰም። አንድ ቃል አስቀረው አንልም፤ ይህን ማወቅ አንችልም። ዝም ያሰኘነው እኛ መሆናችንን ግን እናውቃለን። ደግሞስ በዚያን ቀን ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደል ሳይደብቅ ያነበበ እሱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ነገ «ገባችሁ?» ስንባል፣ የገባንም ብንሆን፣ ካጠገባችን ላልገባው ስንል «አልገባንም» ብንልስ? ይህም ሐቅ አይደለም የሚል ይኖራል። እንግዲያውስ ያልገባን እንናገር፤ የገባን አንሳቅ። ያን ጊዜ ታማኝም ሐቀኛም እንሆናለን።