አንድ ነፍስ ብቻ



ዛሬ ስለ ጌም ነው የማወራችሁ። ኡስታዝ በጁሙዐ ቀን ስለ ጌም ሲያነሳ «ሊቆጣን ነው» ብላችሁ ልታልፉ እንደምትችሉ አውቃለሁ። አይደለም። ሰላት ስለሚያሳልፍ ጨዋታ ብዙ ተብሏል፣ እኔም ብያለሁ፣ አሁንም እዚያው አቋሜ ላይ ነኝ። ዛሬ የማነሳው የእህቴ ልጅ ያመጣብኝን ጥያቄ ነው። ፈቃዱን ጠይቄው፣ ስሙን እንዳላነሳ ተስማምተን ነው የጻፍኩት።

ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ዱባይ ያለው የአባቱ ወንድም ባመጣለት ኒንቴንዶ ስዊች «ፋየር ኤምብለም ስሪ ሃውስስ» የሚባለውን ይጫወታል። በ2019 የወጣ የጃፓን ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ መምህር ሆኖ ተማሪዎቹን ውጊያ ያሰለጥናል፣ ከዚያም ወደ ጦር ሜዳ ይመራቸዋል። (ታሪኩ ውስጥ አምላክ የምትባል ሴትና አምላኪዎቿ አሉ፤ ስለ እሱ ከልጁ ጋር ለብቻው ተነጋግረናል።) ጨዋታው ገና ሲጀመር ሁለት ነገር ያስመርጥሃል። አንዱ ክብደቱን ነው፤ መካከለኛ ይሁን ወይስ ከባድ። ሌላው ሞትን ነው። «ካዡዋል» ካልክ ውጊያ ላይ የወደቀ ተማሪህ ለሚቀጥለው ውጊያ ይመለሳል። «ክላሲክ» ካልክ ግን የወደቀው ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ አብሮህ አይዘምትም።

ይሄ የማይመለስ ሞት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በ1980 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ማይክል ቶይና ግሌን ዊክማን የሚባሉ ተማሪዎች «ሮግ» የሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሩ። ሴቭ ያደረግከውን ስትከፍት ፋይሉ ወዲያው ይጠፋ ነበር። ሴቭ የተሰጠህ ጨዋታውን አቋርጠህ ሌላ ቀን እንድትቀጥል ነው እንጂ የሞትከውን ሞት እንድትሰርዝ አይደለም። ፋየር ኤምብለም ራሱ በ1990 ሲጀምር የሞተ የሚመለስበት ምርጫ አልነበረውም። «ካዡዋል» የሚባለው የመጣው 20 ዓመት ቆይቶ በ2010 ነው።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ክብደቱ ነበር። የክፍል ጓደኞቹ ቀላሉን የመረጠ ሰው ላይ ይስቃሉ። «አጎቴ፣ ቀላሉን መምረጥ ነውር ነው እንዴ?» አለኝ። ይሄ አጭር መልስ አለው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሁለት ነገር ሲቀርብላቸው ወንጀል እስካልሆነ ድረስ ቀለል ያለውን ይመርጡ ነበር፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ሰለዋትና ሰላም በእሳቸው ላይ ይሁን፣ ከእሳቸው የበለጠ ጀግና አልነበረም። ጠላትን መግጠም እንዳንመኝ፣ ዓፊያን አላህን እንድንለምን፣ ከገጠመን ግን እንድንጸና ነው ያስተማሩን። ፈተናን በራስህ ላይ መጥራት ጀግንነት አይደለም።

እኔ ይሄን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት እያለሁ ዲኔን ገና አጥብቄ የያዝኩ ሰሞን ሁሉንም ነገር በከባዱ ላድርገው አልኩ። በየቀኑ ሱና ጾም፣ ሌሊቱን ሙሉ ቂያም፣ ቀን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዶርም ውስጥ ያሉትን ፈርድ ብቻ የሚሰግዱ ወንድሞቼን መናቄ ነበር። በሁለተኛው ወር ታመምኩና ቂያሙም ጾሙም ቆመ፣ ንቀቱ ግን አልቆመም። ለከባዱ ሳይሆን ለመታየት ነበር ማለት ነው። እና ልጁን «እንደምትችለው ምረጥ፣ በማንም ላይ ግን አትሳቅ» አልኩት። መካከለኛውን መረጠ። ሞቱን ግን «ክላሲክ» አደረገው።

አንድ ቀን እህቴ ቤት ቁጭ ብዬ ሲጫወት አየሁት። አንዲት ተማሪው በቀስት ተመትታ ወደቀች። ወዲያው ጨዋታውን ዘጋና ሴቭ ካደረገበት ጀመረ። ግማሽ ሰዓት የፈጀ ውጊያ ነበር። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ሌላ ልጅ ሞተበት፤ ዘጋው፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። ግራ ገባኝ።

«ሞተው እንዳይቀሩ ከፈለግክ ለምን ሲጀመር የሚመለሱበትን አልመረጥክም?»

«እንደዛ ከሆነ ምንም አይመስለኝም፤ ቢሞቱም ባይሞቱም ያው ነው።»

«እሺ ታዲያ ሲሞቱ ለምን አታልፍም?»

«አልችልም።»

ሳቅኩበት። አሁን ሳስበው መሳቄ ስህተት ነበር። እኛስ የምንፈልገው ይሄንኑ አይደል? ሕይወት ክብደት እንዲኖራት እንፈልጋለን፤ የምንወዳቸው ሰዎች ዋጋ እንዲኖራቸው፣ ውሳኔያችን ቁም ነገር እንዲሆን። የሚመለስ ነገር ደግሞ ክብደት የለውም። ግን ክብደቱ እኛው ላይ ሲያርፍ እንዘጋለን፣ ከመጀመሪያው እንጀምር እንላለን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከጁሙዐ ሰላት ስንወጣ፣ ልጁ እጄን ያዘኝ። «አጎቴ፣ ጌሙ ውስጥም አባትየው ይሞታል» አለኝ።

ታሪኩን ነገረኝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጊዜን ትንሽ ወደ ኋላ የመመለስ ኃይል አለው። ተጫዋቹም ውጊያ ላይ የተሳሳተውን ለማረም በተወሰነ ቁጥር ይጠቀምበታል። ታሪኩ መካከል ላይ አባቱ ዓይኑ እያየ ከኋላው ይወጋል። ልጅየው ጊዜውን መለሰ፣ ሮጦ ሊደርስለት ሞከረ። አሁን ግን ሌላ ጠላት ድንገት መጥቶ መንገዱን ዘጋበት። አባትየው ዳግመኛ ሞተ። እዚህ ላይ ተጫዋቹ ምንም ቁልፍ ቢነካ፣ መቶ ጊዜ ዘግቶ ቢከፍት፣ ቀላሉንም ከባዱንም ቢመርጥ አይለወጥም።

የእህቴ ባል ወደ አኺራ የሄደው ባለፈው ዓመት ነው። ልጁ ያን ቀን ለማንም ያልተናገረውን መንገድ ላይ ቆሞ ነገረኝ። ማታ አባቱ ደረቱን ይዞ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። «አባዬ ምን ሆንክ?» ሲለው «ጨጓራዬ ነው፣ ይተወኛል» አለው። ልጁ ውኃ አመጣለትና ወደ ክፍሉ ገብቶ ጆሮው ላይ ማዳመጫውን አደረገ። እናቱ ተኝታ ነበር። ከሱብሒ አዛን በፊት ሲቀሰቅሱት አባቱ አልነበረም። «እናቴን ብቀሰቅስ ኖሮ» አለኝ። «መኪና ብጠራ ኖሮ። ማዳመጫውን ባላደርግ ኖሮ።» ዓመት ሙሉ ያንን ማታ በልቡ እየዘጋ ከመጀመሪያው ሲጀምር ከርሟል። እኔ ደግሞ ቁርኣን ስንት ጁዝ እንደደረሰ እየጠየቅኩት ነበር።

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ ይሄ «ኖሮ» የሚባለው ነገር በሐዲስ ስሙ ተጠርቷል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ በሚጠቅምህ ነገር ላይ ጉጉ ሁን፣ በአላህ ታገዝ፣ አትስነፍ ይላሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ከደረሰብህ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እንዳትል ይከለክላሉ፤ ያቺ ቃል ለሸይጧን ሥራ በር ትከፍታለችና። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሥራው፣ ጥንቃቄው፣ ሩጫው ከነገሩ በፊት ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲሄዱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቹን ይዘው ሲመለሱ «ከአላህ ቀደር ሽሽት ነው?» ተብለው ነበር። ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው የሚል መልስ ነው የሰጡት። ስለዚህ ደረቱን የያዘው ሰው «ጨጓራ ነው» ቢላችሁም ሐኪም ቤት ውሰዱት። በተለይ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ትንፋሽ ካጠረው አትጠብቁ። ይሄን ዛሬ አንብባችሁ ነገ ከተጠቀማችሁበት ያ ልጅ አጅር አለው ኢንሻአላህ።

ግን ያኔ ማታ ልጁ ይሄን አያውቅም ነበር። ጌሙ የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። ዘግተህ ስትከፍት ጦር ሜዳው ላይ ያለው ወታደር ምንም አያስታውስም፤ አንተ ግን ቀስተኛው ከየትኛው ዛፍ ጀርባ እንደሚወጣ አውቀሃል። ሁለተኛው ላይ ልጅቷን ያዳንካት ከመጀመሪያው የበለጠ ስለወደድካት ወይም ጎበዝ ስለሆንክ አይደለም። መጨረሻውን አይተህ ስለተመለስክ ነው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ውሳኔህ ዞረህ «እንዴት ይሄን አላየሁም» ትላለህ። እንዴት ታየዋለህ? ዛፉ ጀርባ ነበር እኮ። ሰው የሚጠየቀው በዚያች ሰዓት በሚያውቀውና በነየተው ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ አባቱን «ምን ሆንክ» ብሎ ጠየቀ፣ መልስ ተሰጠው፣ መልሱን አመነ፣ ውኃ አመጣ። አባትን ማመን ወንጀል የሚሆነው በየትኛው ሸሪዓ ነው? ውጤቱን ዛሬ ስለምናውቅ ያ ውኃ ትንሽ መሰለን። አላህ ዘንድ ትንሽ ላይሆን ይችላል።

ዑለማዎች ሁሉም «ኖሮ» ክልክል ነው አላሉም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በስንብቱ ሐጅ፣ ነገሩን ቀድመው ቢያውቁት የመሥዋዕት እንስሳ ይዘው እንደማይመጡ ተናግረዋል፤ ቡኻሪ ስለሚፈቀደው «ኖሮ» ለብቻው ባብ ከፍተዋል። ለሌላ ጊዜ የሚያስተምርህ «ኖሮ» አለ፣ ቀደርን የሚከስስ፣ ራስህንም በማታውቀው ነገር የሚቀጣ «ኖሮ» አለ። ልጁን የያዘው ሁለተኛው ነበር።

«እኔ ግን በእውነት አጥፍቻለሁ፤ አውቄ፣ አይቼ» የምትል አንባቢ ደግሞ ትኖራለህ። አባትህ ሲጠራህ ሰምተህ ዝም ያልክ፣ ያስቀየምከው ሰው ሳይታረቅህ የሞተብህ። አንተን «ምንም አላደረግክም» አልልህም። ላንተም ቢሆን ግን ዘግቶ መክፈት አይበጅህም። በሱረቱል አንዓም 27ኛውና 28ኛው አንቀጽ ላይ እሳት ዘንድ የቆሙት «ምነው በተመለስን» ሲሉ፣ ቢመለሱም ወደተከለከሉት ነገር እንደሚመለሱ አላህ ይነግረናል። አንቀጹ ስለ ከሓዲዎች ነው፣ ግን እኔን ያስፈራኛል። የጎደለው ሁለተኛ ዕድል ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ብንጀምርም ተጫዋቹ ያው እኛው ነን።

ተውባ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነገር ነው። ሰዎች ተውባን ሴቭ ካደረጉበት መጀመር አድርገው ያስቡታል፤ አይደለም። ዘግተህ ስትከፍት ያጠፋኸው ጥፋት ጭራሽ እንዳልተፈጸመ ይሆናል፣ የበደልከውም ሰው እንዳልተበደለ። ተውባ ላይ ግን ድርጊቱ ተፈጽሟል፣ አንተም ታስታውሰዋለህ፣ መጸጸት ራሱ ማስታወስ ነውና። የሰው ሐቅ ካለበት ትመልሳለህ። ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ ትሰጣለህ፣ ዱዓ ታደርግለታለህ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን ሱረቱል ፉርቃን ላይ አላህ ቶብቶ አምኖ መልካም የሠራን ሰው ክፉ ሥራውን ወደ መልካም እንደሚቀይርለት ቃል ገብቷል። ይቀይራል ነው ያለው። ያቺ ማታ ከነ ክፋቷ አላህ ፊት ትቀርብና ሌላ ነገር ትሆናለች። ይሄን የሚያደርግ ጌም እስካሁን አላየሁም፣ የሚሠራም አይመስለኝም።

ለልጁ ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን አልነገርኩትም። መንገድ ላይ የነገርኩት ስለ ውኃው ብቻ ነው። አለቀሰ፣ እኔም። ማታውን ለእናቱ ነገራት። እሷ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችው፦ አባቱ ያን ቀን ከሰዓት ሥራ ቦታ ደረቱን ሲያመው «ሐኪም ቤት እንውሰድህ» ተብሎ እንቢ ብሎ ነበር። ዓመት ሙሉ ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ የየራሳቸውን «ኖሮ» ይዘው ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

ባለፈው እሁድ ሄጄ ነበር። ጌሙን አልተወውም፤ ከመግሪብ በፊት ግን ይዘጋዋል። ከተማሪዎቹ ሁለቱ ሞተዋል። አንደኛውን ዝም ብሎ እንዳለፈው ነገረኝ። ሁለተኛዋን አምስት ጊዜ ዘግቶ ከፍቶ ሊያድናት ሞክሮ፣ በስድስተኛው ደክሞት ተዋት። «ትቆጣኛለህ?» አለኝ። «ስሟ ማን ነበር?» አልኩት፣ ነገረኝ። ከዚያ ቡናው ደረሰ።

አባቱን በዱዓችሁ አስታውሱልኝ።