ተረት ሲለወጥ ውሸት ይሆናልን?

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። አንድ ሰው ከጥንት ጀምሮ በአንድ መልክ ሲነገር የኖረውን ተረት ለሕፃናት ሲል ለውጦ ቢናገር፣ ዋሸ ይባላልን? ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰችኝ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ናት።

ባለፈው ክረምት የሕፃናትን ክፍል እንድረዳ ተመድቤ ነበር። ከትምህርቱ በኋላ የሚተርፈውን ሰዓት በተረት እንዳሳልፈው ስለ ታዘዝሁ፣ በልጅነቴ ከሥዕል መጽሐፍ የተነበበልኝን ነገርኋቸው። ይኸውም ቆዳዋ እንደ በረዶ የነጣው የንጉሥ ልጅና፣ ከሴቶች ሁሉ ቆንጆ ማን እንደ ሆነች መስተዋቷን የምትጠይቀው ክፉ እንጀራ እናቷ ተረት ነው። ልጆቹ ወደዱት፤ በሚቀጥለው እሑድ ተጫውተን እናሳየው አሉ። ድርሻ ማደል ስጀምር፣ ከሁሉ ጠቆር የምትለው ልጅ እጅዋን አውጥታ «ክፉዋን እኔ ልሁን፤ እኔ ጥቁር ነኝ» አለች። አላዘነችም፤ አላፈረችም። ሌሎቹም አልሣቁም፤ ተገቢ ነው ብለው ዝም አሉ። እኔም ስምዋን ጻፍሁ።

የጻፍሁት ስም ልቤን የወጋኝ ማታ ወደ ኮተቤ ስመለስ ነው። በተረቱ ውስጥ ክፉዋ ንግሥት ጥቁር አልነበረችምና! እንዲያውም ከልጅቱ በቀር የሚወዳደራት የሌላት ቆንጆ ነበረች። ጥቁረትን የጨመረችበት የእኛዋ ሕፃን ናት። ታዲያ ከየት አመጣችው?

ከእኛ ነው። «ጠቆር ትላለች እንጂ ቆንጆ ናት» ስንል ትሰማለች። ቀይ ልጅ ሲወለድ እንዴት እንደምንደሰት ታያለች። በየድራማው ሰይጣን ሆኖ የሚወጣው ሰው ፊቱን ከሰል ሲቀባ ታያለች። ይህን ሁሉ የሰማች ልጅ ድርሻዋን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልጋትም።

ክላርክ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጥናት ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው 253 ጥቁር ሕፃናት ነጭና ጠይም አሻንጉሊቶች አቅርበው ነበር። ከመቶው 67ቱ ሊጫወቱበት የመረጡት ነጩን ነው፤ 59ኙ ደግሞ መልኩ መጥፎ የሆነው ጠይሙ ነው ብለዋል። እንዲህ ያለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1954 ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ተብሎ በተፈረደበት ሙግት ላይ ቀርቧል። በዚያ አገር የሚከሰስ ሕግ ነበረ። የእኛዋን ልጅ ግን በሕግ የለያት የለም። ታዲያ ማንን እንከስሳለን?

ተረቱን ልለውጠው መሆኑን ለአንድ ባልንጀራዬ ብነግረው ተቃወመኝ። «ዛሬ ተረቱን የለወጠ ነገ ወንጌሉን ይለውጣል» አለኝ። ፍርሃቱ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ምስክርነትና ተረት ይለያያሉ። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ከቃሉ አንዲት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ይዋሻል። ተረት ግን «ይህ ሆኗል» ብሎ አይምልም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ሕፃን፣ የሚሰማው ተረት መሆኑን አውቆ ተስማምቷል። የተረት እውነት የሚገኘው በመጨረሻ በሚሰጠው ፍርድ ነው።

ደግሞስ ያልተለወጠ ተረት የት አለ? ፈረንሳዊው ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ያሳተማትን ሲንደሬላን የምትመስል ልጅ በ9ኛው መቶ ዘመን በቻይና ተጽፋ ትገኛለች። ግሪኮች አንድሮሜዳ የሚሏት የንጉሥ ልጅ፣ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁሮች አገር በሚጠሩበት ስም፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነበረች። ታላቁ የኢጣልያ ሠዓሊ ቲሺያን በ16ኛው መቶ ዘመን ሲሥላት ግን ነጭ አድርጎ ሣላት። እንግዲህ የእኛይቱ ልጅ እንድትነጣ ከተፈቀደ፣ የእነርሱይቱ ብትጠቁር ምን ነውር አለው?

ይህን ብዬ በሁለተኛው እሑድ የንጉሡን ልጅ ቆዳዋ እንደ ተቆላ ቡና ያማረ አደረግኋትና ድርሻውን ለዚያች ልጅ ሰጠኋት። አንገትዋ ቀና አለ። እኔም ነገሩን የፈጸምሁ መሰለኝ። ወዲያው ግን አጠገብዋ የተቀመጠች አንዲት ቀይ ልጅ «እንግዲያው ክፉዋ እኔ ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ። የመስተዋቱን መልስ ለወጥሁ እንጂ መስተዋቱን አልነካሁትም ነበር። አንድዋን ለማንሣት ሌላዋን እስከ ጣለ ድረስ፣ ማንም ቢነግሥበት ያው ነው።

«እንግዲያስ የመልክን ነገር ትተን ዋናው ልብ ነው ብለን እናስተምር» የሚል ይኖራል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ለማን እንደምንናገረው እናስተውል። ቀዩዋን «እንዴት ታምራለች!» እንላለን፤ ጥቁሯን «ዋናው ልብ ነው» እንላለን። ይህስ ለአንዱ እንጀራ አቅርቦ ለሌላው ስለ ጾም ጥቅም መስበክ አይደለምን?

በሦስተኛው እሑድ መስተዋት የሌለበትን ተረት ፈለግሁ፤ ያገኘሁትም ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከሱሉልታ ተራራ ላይ ነው። ኩርላንደርና ሌስላው የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ አሳትመውታል። አርሃ የሚባል ከጉራጌ አገር የመጣ አሽከር፣ በተራራው ራስ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት አንድ ሌሊት ቢያድር መሬትና ከብት ሊሰጠው ጌታው ይወራረዳል። አንድ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድለታል፤ እርሱም ያን እሳት እያየ ያነጋል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃልና ተረትተሃል» ይለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ ኃይሉ የተባለ ሰው ሁለቱንም ግብር ጠርቶ የወጡን ሽታ ብቻ ያቀርብላቸዋል። «ሽታ ያጠግባልን?» ሲሉ «የሩቅ እሳትስ ያሞቃልን?» ብሎ ያሳፍራቸዋል፤ አርሃም ዋጋውን ያገኛል።

እኔ የጨመርሁት ጥቂት ነው። አርሃን ጥቁርና መልከ መልካም አልሁት፤ በሁለቱ ቃላት መካከል «ግን» አላስገባሁም። ሽማግሌውን ጠይም፣ ኃይሉን ቀይ አደረግሁ፤ ለእያንዳንዳቸውም ያማረ መልክ ሰጠሁ። ፍርዱን አልነካሁትም። አርሃ የሆነችው ያች ልጅ ናት። ወንበር ላይ ቆማ በመስኮት ወደ እንጦጦ እያየች ስትንቀጠቀጥ፣ ቀይም ጥቁርም ሳይሉ ልጆቹ ሁሉ ስለ እርስዋ በረዳቸው። አንዱ ነጠላውን አውልቆ ሊሰጣት ተነሣ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ተረት መለወጥስ ውሸት አይደለም። ውሸቱ አንድ ሕፃን ገና ሳይናገር ድርሻው በመልኩ ተወስኖ መቆየቱ ነው። በየክፍላችሁ ድርሻ ስታድሉ፣ እኔ እንዳደረግሁት ፈጥናችሁ ስም አትጻፉ። ተረት እንደ ሽማግሌው እሳት ነው፤ ከሩቅ ሆኖ አያሞቅም፤ በብርድ ያለ ልጅ ግን እያየው ያነጋል። ለማን እንደምናነድደው እንወቅ።