ስለ ጠጠር ውፍረት

የገበጣ ጠጠር ምን ያህል ወፍራም ቢሆን ይሻላል? ብዬ ብጠይቅህ፣ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ የሥራ ፈት ጥያቄ መስሎ ይታይህ ይሆናል። እኔም በአንተ ዕድሜ ሳለሁ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በዚሁ በጠጠር ምክንያት አንድ ደግ ጎረቤት አጥቻለሁና ነገሩን አቅልዬ ልተወው አልቻልኩም።

ወልቂጤ በአስተማሪነት በተቀጠርኩ ጊዜ፣ በዕድሜ አባቴ ከሚሆኑ አንድ አናጢ ጋር ማታ ማታ ገበጣ እንጫወት ነበር። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር ነው። ከዋቤ ወንዝ ዳር ለቅሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የመረጥኩትም ስሱንና ጠፍጣፋውን ነው። ስስ ጠጠር ብዙው በአንድ እፍኝ ይገባል፤ ተደራርቦ ስለሚተኛም ስንት እንደሆነ በዓይን ለመቁጠር ያስቸግራል። ወፍራሙ ግን ቁጥሩ ከሩቅ ይለያል፤ ለማንሣትም ይቀላል፤ ጉዳቱ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሲከማች ከጉድጓዱ ተንከባልሎ መውጣቱ ነው።

የአናጢው ጣቶች በመዶሻና በመጋዝ ደንድነው ነበርና ስሱን ጠጠር ለመልቀም ይቸገሩ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ወፈር ያለ ብናመጣስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እጄ የለመደው ይህን ነው» አልኳቸው።

ሐሰት አልተናገርኩም። ይሁን እንጂ እጄ ማሸነፍንም ለምዶ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ዓይኔ ደከመ» ብለው መምጣቱን ተዉት።

በጃፓን አገር ጎ የሚባል የጠጠር ጨዋታ አለ፤ ጥቁሩ 181፣ ነጩ 180 ነው። መልካሞቹ ጥቁሮች ከድንጋይ፣ ነጮቹ ከባሕር ዛጎል ይሠራሉ፤ ስፋታቸው 22 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ውፍረታቸው በቁጥር ይለያል፤ 36 ቁጥር የሚባለው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተጫዋቹም እንደ እጁና እንደ ኪሱ ይመርጣል፤ ወፍራም ዛጎል እንደ ልብ አይገኝምና ውፍረት በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ነጭ ነገር ለዓይን ተልቆ ስለሚታይ፣ ሁለቱ እኩል እንዲመስሉ ጥቁሩን በጥቂቱ አስፍተው ይቀርጹታል። እነርሱ ለዓይን ፍርድ ሲሉ የሚሊ ሜትር ስባሪ ሲያስተካክሉ፣ እኔ የሽማግሌ ጣት እያየሁ ዝም ብያለሁ።

በጎ ደግሞ ሁሉም የየራሱ ቀለም አለው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ እኔ በማውቃቸው ሁሉ ግን «የእኔ» የሚባል ጠጠር የለም፤ አሁን ከእኔ እጅ የወጣው በሚቀጥለው ዙር በአንተ እጅ ይገኛል። እንግዲህ እጄ የወደደውን ብቻ ማምጣት የራሴን ምርጫ መምረጥ ነው ወይስ የሌላውንም ሰው ምርጫ መውሰድ? ምርጫ መኖሩ ነውር አይደለም፤ ወጣቱም ሁልጊዜ ይሸነፍ አልልም። የሚንከባለል ጠጠርም ጨዋታ ያበላሻል።

አሁን እኔም ስድሳን አልፌ ጣቶቼ ስሱን አይዙልኝም። የልጅ ልጄ ደግሞ ስሱን ይወዳል። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ዋቤ አብረን ወርደን ለቀምን፤ እሱ ያነሣውን በእኔ መዳፍ ላይ፣ እኔ ያነሣሁትን በእሱ መዳፍ ላይ እያስቀመጥን ፈተንን። 48 ለመሙላት ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ አለቀ፤ በሰባቱ ግን እስከ አሁን አልተስማማንም።