ዋጋው ለማን ይነገራል?

አሮጌ ሸክላ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ወዶም ሆነ ሳይወድ ሐቀኛ ነው። በደቂቃ 45 ዙር የሚዞር ሸክላ ለበርሊን ወይም ለቶኪዮ ገዢ ከማቅረቤ በፊት መስኮት ሥር ወስጄ ዘንበል አድርጌ አየዋለሁ። ጭረት ካየሁ በአውራ ጣቴ ጥፍር እዳስሰዋለሁ፤ ጥፍሬ ከተያዘበት መርፌውም ይያዝበታልና በየዙሩ "ጧ" ማለቱ አይቀርም። መሃል ያለው ክብ ወረቀት ላይ የድሮው ባለቤት በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሙን ጽፎ ከሆነም እናገራለሁ። በሸክላ ሻጮች የጥራት ደረጃ "ቪጂ ፕላስ" ያልኩት ከዚያ አንሶ ከተገኘ ገዢው ገንዘቡን ያስመልሳል፣ ስሜንም ያጠፋዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እንግዲህ ለገዢው ነው። ለእኔ የሚሸጡት እናትስ?

ዕቃው የሚገኘው ከምናለሽ ተራ፣ ከቆራሌ፣ አንዳንዴም ባል ከሞተባቸው እማማ ቤት ነው። "ውሰደው ልጄ፣ ቦታ ነው የያዘብኝ" ይላሉ። እጄ ላይ ያለው ግን የአምሐ ሬከርድስ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ዘመን ወጣቱ አምሐ እሸቴ ክልከላውን ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ጀመረ፤ ውጭ አገር እያሳተመ መቶ ያህል ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ ሲወጣ ነገሩ አከተመ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ "ኢትዮፒክስ" የተባለውን የኢትዮጵያ ዘፈኖች ተከታታይ አልበም ፈረንሳይ ውስጥ ማውጣት ሲጀምር፣ የውጭ ሰብሳቢዎች ዋናውን ሸክላ ማሳደዱን ተያያዙት። ዛሬ ዲስኮግስ በተባለው የሸክላ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ከዚህ በፊት የተሸጠበት ዋጋ ስልክ ለያዘ ሁሉ ይታያል። እማማ ግን ዲስኮግስን አያውቁትም።

አውቆ ዝም ስለማለት ሮማዊው ሲሴሮ የጻፈው ክርክር አለ። ረሃብ ወደ ገባባት ሮድስ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል፤ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውንም ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ፈላስፋው የባቢሎኑ ዲዮጋንስ የዕቃህን ጉድለት ከተናገርክ ይበቃሃል ባይ ነው፤ ተማሪው አንቲጳጥሮስ ግን የለም፣ የምታውቀውን መደበቅ የለብህም ብሎ ይሞግተዋል። የኢንተርኔቱ ገበያ የዲዮጋንስ ደቀ መዝሙር ነው፤ ጭረት ይቆጥራል፣ ስለ እማማ አይጠይቅም። እኔን የሚረታኝ ግን አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ያነሳው ሰው ነው። መጽሐፍ እንዲገዛ ቀርቦለት ሻጩ ዋጋውን ባለማወቅ ጥቂት ሲጠይቀው፣ ሰውዬው ሳይጠየቅ ትክክለኛውን ከፈለ።

አንድ የሙያ ጓደኛዬ በዚህ ይስቅብኛል። "ዋጋውን ከነገርካቸው ምን ልትበላ ነው?" ይላል። እሱ እማማ ፊት ሸክላውን እያገላበጠ "ተጭሯል፣ አርጅቷል" ይላል፤ ማታ ያንኑ ሸክላ "በጣም ንጹሕ" ብሎ ይለጥፈዋል። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 20 ላይ እያጣጣለ ገዝቶ ዞር ሲል የሚኩራራው ሰው፣ ስልክ ይዞ መጣ ማለት ነው።

የምበላው አለኝ። ማጠቡ፣ በካርቶን ማሸጉ፣ ፖስታ ቤት መሰለፉ፣ መንገድ ላይ ቢሰበር ኪሳራው የእኔ ነው፤ የዚህን ዋጋ ሳላፍር እቆርጣለሁ። የእማማ አለማወቅ ግን የእኔ ድካም አይደለም። ስለዚህ ስልኬን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ አያምኑኝም። አንዳንዶቹ ሸክላውን ከእጄ ተቀብለው "ለልጆቼ ይሁን" ብለው ቁም ሳጥኑን ይቆልፋሉ፤ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፣ ይናደኛልም።

ለቆራሌው ግን አልነግረውም። እሱም ድሃ ነው፣ እሱም አያውቅም፤ አንቲጳጥሮስ ቢሰማኝ አይምረኝም። ብነግረው ግን በነጋታው ከእኔ ቀድሞ እማማ በር ላይ ይቆማል፣ ስልክም አያሳያቸውም።